ኩሬ ውስጥ የከተትኳት ኤሊ

ውዷ ኢማ ጂን፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለችውን ኤሊ አይተሽ ቆንጆ ናት እንዳትይኝ፤ እኔ ዓይኗን ለማየት አፍሬአለሁ። እዚህ ደቡብ ጆርጂያ፣ አጎቴ ሆይት ዘንድ ነኝ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የድስት ክዳን የምታክል ኤሊ አሸዋማውን መንገድ ስታቋርጥ አየሁ። መኪናውን አስቁሜ፣ በእሑድ ቀሚሴ ታቅፌ ወስጄ መንገዱ ዳር ያለው ኩሬ ውስጥ ከተትኳት። «በይ ዋኚ የኔ እናት!» ስላት እንደ ድንጋይ ሰመጠች።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት! ይቺ እኮ ጉድጓድ ቆፍራ የምትኖር ናት፣ ዋና የት ታውቃለች!» ብሎ አጎቴ በሰባ አራት ዓመቱ ከነከረባቱ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ገባ። በእግሩ ዳብሶ አወጣት። አሸዋ ላይ ብናስቀምጣትም ራሷን ብቅ አላደረገችም። አጠገቧ ተንበርክኬ ስጠብቅ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ እግሯን አወጣች፤ ከዚያ እየተጎተተች ወደ ጫካው ሄደች።

«ደግሞ ዶሮዎቼን እንዳታጠምቂብኝ» ብሎ ሳቀ አጎቴ። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። እኛ ሰፈር አምና ከመንገድ አንስተን ወንዝ የከተትናት፣ ጀርባዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለባት፣ ትዝ አለችሽ? ለአጎቴ ስነግረው እሷም የመሬት ኤሊ ናት አለኝ። እኛ እኮ አጨብጭበን ነው የሸኘናት!

ቦታው አለቀብኝ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፣ ጉልበቱ ተሻለው? ለሰንበት ትምህርት ልጆቹ ኤሊ ስታገኙ ወንዝ ክተቱ ብያቸዋለሁ። እኔን ሳትጠብቂ በዚህ እሑድ እንዳይከቱ ንገሪያቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ መሆኔንም አትደብቂልኝ።

ያንቺው ቨርሊን