የአውራ ጣት መሐላ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለኮርማክ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ አዳስ፣ ልጆቹስ፣ በጎቹስ እንዴት ናቸው? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ደህና ነኝ ብዬ ግን አልዋሽህም። ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ወንድም ዓለም። ታላቅ ወንድማችን አምብሮዝ ባለፈው ማክሰኞ ዐረፈ።

እዚያ ኒውዚላንድ ድረስ ምን ወሬ እንደደረሰህ አላውቅም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንድ መስመር መጻፍ አቅቶት ነበር። ልብ ወለዱን እየከፋፈለ የሚያወጣለት መጽሔት ግን በየወሩ አዲስ ምዕራፍ ይጠብቃል፤ ለንደን በሙሉ ይጠብቃል። እሱ እሳት ዳር ተቀምጦ ሲያለቅስ አንጀቴ አልችል አለና የመጨረሻውን መጽሐፍ እኔ ጻፍኩለት። በስሙ ወጣ። ሰዉም በየመንገዱ ባርኔጣውን እያነሣ እጅ ነሣው። እኔም ደስ አለኝ፤ ወንድሜ አይደል?

ኋላ አንድ ጋዜጣ «የእጁ ሥራ አይደለም» ብሎ ጻፈ። ወዳጆቹ «ተወው፣ ውሻው ይጮኻል፣ ግመሉም ይሄዳል» ቢሉት አሻፈረኝ ብሎ በስም ማጥፋት ከሰሰ። የጋዜጣው ጠበቃ ለምስክርነት የጠራው ማንን መሰለህ? እኔኑ! ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ አምብሮዝ በጆሮዬ «ልጆች ሳለን እናደርገው እንደነበረው፣ ስትምዪ መጽሐፍ ቅዱሱን ትተሽ አውራ ጣትሽን ሳሚ፤ ያኔ ውሸቱ አይቆጠርም» አለኝ። የእማማን ማርማላታ ሰርቀን በልተን እንደዚያ ስንምልላት ትዝ ይልሃል?

እንዳለኝ ላደርግ ነበር። መሐላ የሚያስፈጽሙት ሽማግሌ ግን «እመቤቴ፣ የሚሳመው መጽሐፉ ነው እንጂ ጣትዎ አይደለም!» አሉኝ፤ ችሎቱን የሞላው ሰው በሳቅ ፈረሰ። መጽሐፉን ሳምኩት። አንዴ ከሳምኩት በኋላ መዋሸት አቃተኝ፣ ኮርማክ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ዞሬ አምብሮዝን ላየው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ ያ ሁሉ ሰው ከዳው። ትናንት ለግብዣ ሲለምኑት የነበሩት ሲያዩት መንገድ ተሻገሩ። በገዛ እጁ የጻፋቸው እነዚያ ድንቅ መጻሕፍት እንኳ «የእህቱ ናቸው» ተባሉ። አይደሉም ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ! የገደለው ይህ ነው።

ሊሞት ሲል «ጋሼ፣ ይቅር ብለኸኛል?» አልኩት። «ምን ነካሽ፣ አንቺ ሞኝ! ይቅር ብዬሻለሁ» አለና ትራስጌው የነበረውን ወንጌል አንሥቶ ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። ዓይኔ እያየ የሳመው አውራ ጣቱን ነው። ፈገግ ብሎ ነበር። ሲቀልድብኝ ይሁን ሲጨክንብኝ እንጃ፤ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

አዳን በእኔ ስም እቀፋት። ልጅህን ኦወንን በርታ በልልኝ፤ ትንሿን ሮዝን ጉንጯን ሳምልኝ። ያን የጣት ጨዋታ ግን፣ አደራህን፣ እንዳታስተምራቸው።

እህትህ ሆኖራ
ለንደን፣ የካቲት 9 ቀን 1888 እ.ኤ.አ.