ለታምሲን ያልሰጠኋት ድምፅ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ ሞይራ፤

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ጋሽ ኬን ከልብ ሕመሙ ተሻለው ወይ? እዚያ ፐርዝ ሙቀቱ መጠጊያ አሳጣን ብለሽ ነበር፤ እኛ ዘንድ ዝናቡ ከገና ወዲህ አላባራም። ከናፍቆታችሁ በቀር እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ልበልሽ እንጂ እህል አልበላ ካለኝ ሳምንቴ ነው።

ነገሩ የታምሲን ነው። ፓርቲዋ ለፓርላማ እንድትወዳደር መርጧታል፤ ያቺን አንቺ ገላዋን ያጠብሻትን ልጅ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ። በአሥራ አራት ዓመቷ የሆስፒታሉ አውቶቡስ ሲቀር በየቤቱ ዞራ ፊርማ አሰባስባ ያስመለሰችውን ታስታውሻለሽ። አባቷ ነፍሱን ይማረውና «ይቺ ልጅ ወይ ጠበቃ ትሆናለች ወይ ጣጣ ታመጣብናለች» ይል ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሳ ዓሣ ገበያው ውስጥ እየሠራች ለአካባቢያችን ምክር ቤት ተወዳደረች፤ የኔ ጉድ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው።

የተፎካከረችው ሚስተር ፔንጌሊን ነበር፤ ሃያ ዓመት የሰፈራችን ተመራጭ የነበሩትን ሽማግሌ። የታምሲን አባት ጀልባው ሰጥሞበት የሞተ ጊዜ፣ አስከሬኑ እስኪገኝ ዘጠኝ ቀን ወደቡ ላይ አብረውኝ የቆሙ እሳቸው ናቸው። ታምሲን በሰፊው እንደምታሸንፍ አገሩ ሁሉ ያወራ ነበር። እርሳሱን ይዤ ልመርጥ ስቆም አንጀቴ አልችል አለ፤ ለእሷ አንድ ድምፅ ምኗም አይደል፣ ሽማግሌው አይዋረዱብኝ ብዬ በስማቸው ፊት ምልክት አደረግሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሲቆጠር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ለስድስት መቶ አሥራ አንድ ሆነ። ሦስት ጊዜ ቆጠሩት፤ ያው ነው። ሕጉ ዕጣ ይውጣ ስለሚል አስመራጩ ሁለቱን ስሞች ፖስታ ውስጥ ከትቶ አንዱን አወጣ፤ የታምሲን ሆነ። ሰው ሲያጨበጭብ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ሁለት ዓመት ለማንም ሳልተነፍስ ኖርኩ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሚስተር ፔንጌሊን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘኋቸውና፣ መሸከሙ ሲከብደኝ ዘረገፍኩላቸው። ይቆጣሉ ስል ሳቁ።

«አይ ሄዘር፣ እኔም እኮ የመረጥኩት እሷን ነው። ጨዋ ሰው ለራሱ ድምፅ አይሰጥም፤ አባቴ ያሳደገኝ እንደዚያ ነው» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ በጣቴ ቆጠርኩት። እኔ ለልጄ፣ እሳቸውም ለራሳቸው ሰጥተን ቢሆን ኖሮ ያው እኩል ለእኩል፣ ያው ዕጣ ነበር። ታዲያ ልጄን በድያታለሁ ወይስ አልበደልኳትም? እኔ እንጃ፣ ዞረብኝ።

የባሰው ደግሞ የቅስቀሳው ወረቀት ነው። ፎቶግራፌን አድርጋ ከሥሩ «የመጀመሪያዋን ድምፅ የሰጠችኝ እናቴ ናት» ብላ ጽፋበታለች፤ ሐሙስ ይታተማል። ረቂቁን እያሳየችኝ «እማ፣ እውነት ያልሆነ ነገር ካለበት አሁኑኑ ንገሪኝ። ሥራዬን በውሸት መጀመር አልፈልግም» አለችኝ።

ምን ብላት ጥሩ ነው? «ፎቶው አያምርም» አልኳት። ነገ ሌላ ልታነሣኝ ትመጣለች።

ምክርሽን ብሻም ይህ ደብዳቤ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስሽ ወረቀቱ በየደጁ ተበትኖ ያልቃል። እንዲያው ሆዴ ውስጥ ከሚታመቅ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ጋሽ ኬንን መድኃኒቱን እንዳይረሳ በይልኝ። ልጅሽን ኮሊንን ከነሚስቱ ሰላም በይልኝ፤ ትንሿን የልጅ ልጅሽንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ታምሲንም እጅግ አድርጋ ሰላም ብላችኋለች። ነገ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የምታደርስልኝ እሷ ናት፤ አንብቢው ብዬ፣ ሳላሽግ እሰጣታለሁ።

እህትሽ ሄዘር
ፖልቬር፣ ኮርንዎል
ማርች 3 ቀን 2019