ከሮቤ ወደ ሮቤ

ግንቦት 18
ዝናብ። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። የማስተርስ ዲፌንሴ ቀን ተቆረጠ፦ ሰኔ 9። ካለፍኩ የዝውውር ማመልከቻው መሳቢያዬ ውስጥ ዝግጁ ነው... ደብረ ብርሃን፣ እማዬ ቤት። ከወደቅኩ እዚሁ ሮቤ አንድ ዓመት ልጨምር ነው። ሁለት ዓመት ማስተማሩ አይበቃም?

አማካሪዬ ዶክተር ፍስሐ የጥናቴን የሚኒባስ ጉዞ ሥዕል መለሱብኝ። «ይሄ በእጅ የተሳለ ነው። ቁጥሩ ሲቀየር ሥዕሉም አብሮ መቀየር አለበት። በላቴክ ሥሪው።» ላቴክ እኮ ትእዛዝ ጽፈውለት እሱ የሚስል፣ አንዲት ቅንፍ ከረሱበት ደግሞ የሚያኮርፍ ጉደኛ ነው።

ግንቦት 21
ማትሪክሱ፣ ሥዕሉ የሚወጣበት የቁጥር ሰንጠረዥ፣ የጋሽ ማሜ ነው። የሮቤ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ናቸው። በጎሮ ገበያ ቀን ጠዋት ከየት ወዴት ስንት ሚኒባስ እንደሄደ የጎባ፣ የጎሮ፣ የዲንሾና የገሰራ ባልደረቦቻቸውን በስልክ ጠይቀው፣ አምስት በአምስት ሰንጠረዥ ሞልተው ሰጡኝ። እያንዳንዱ ከተማ አንድ ክብ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቀስት፣ ቁጥሩ ሲበዛ ቀስቱ ይወፍራል።

ዛሬ የወጣው ግን... ከሮቤ ጎባ የሚሄደውና ከጎባ የሚመለሰው ቀስት ተደራርበው ቁጥራቸው አይነበብም። ዜሮዎቹም ተሳሉ! እያንዳንዱ ከተማ ከራሱ ወጥቶ ወደ ራሱ የሚመለስ ቀስት አንጠልጥሏል። አምስት ከተማ ባለ ጉትቻ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ግንቦት 24
ሠራ!! ቀስቶቹን ወደ ግራ ትንሽ አጠፍኳቸው፤ እንደ መኪና ጎን ለጎን ተላለፉ። ዜሮ ከሆነ አትሳል አልኩት። ጉትቻዎቹ ጠፉ።

ሰኔ 2
ዶክተር ፍስሐ፦ «አሁን ሥዕል ሆነ።» ማጠቃለያውንም ጨረስኩ። «ጎሮ የጠዋት ተጓዦች ዋና ምንጭ ናት።» እንዴት ደስ ይላል፣ ምሁር ምሁር ይሸታል።

ሰኔ 7
ምነው ባልሄድኩ... አይ፣ እንኳን ሄድኩ። ለጋሽ ማሜ ምስጋና ብዬ ሥዕሉን አትሜ መናኸሪያ ወሰድኩላቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?» እንዴት አደርሽ፣ ልጄ ማለታቸው ነው።
«ነጋ፣ ደህና ነኝ ጋሽ ማሜ። ይኸው ሥራዎ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸው ወፍራሙ ቀስት ላይ ቆመ። ከዚያ ሳቅ።

«ጎሮ እሳት ተነሳ እንዴ?»
«ምነው?»
«በገበያ ቀን ጠዋት ሠላሳ አንድ መኪና ከጎሮ ወደ ሮቤ ይሸሻል? ወላሂ፣ ሰው ወደ ገበያ ነው የሚሄደው!»

ሰንጠረዡን አወጣሁ። የጎሮ ረድፍ፣ በሮቤ ዓምድ፣ 31።

«ረድፉ መነሻው አይደለም?»
«መድረሻው ነው እንጂ! መኪና በሚሄድበት ነው የሚጠራው፣ ኢንተላ ኮ። ጎሮ! ጎሮ! ነው የምንለው። ከሮቤ! ከሮቤ! ብሎ የሚጣራ ተራ አስከባሪ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ገብቼ ስወጣ ጆሮዬ የት ነበር? መጽሐፉ ረድፍ መነሻ ነው ስላለኝ እሳቸውን መጠየቅ እንኳ አልመጣልኝም። ሁሉም ቀስት የኋሊት ነው። ዲፌንሱ ከነገ ወዲያ።

ሰኔ 8
ኮዱ ውስጥ መነሻና መድረሻን አቀያየርኩ። ሁለት ፊደል ብቻ። ቀስቶቹ ባንዴ ዞሩ! በእጄ ስዬው ቢሆንስ? ዶክተር ፍስሐ ዕድሜ ይስጥዎ። ማጠቃለያው ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ።

ሰኔ 9
አለፍኩ! አለፍኩ! አለፍኩ!

ፈታኙ፦ «የቀስቱ አቅጣጫ ትክክል ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለሽ?» እውነቱን ነገርኳቸው፣ ጎሮ! ጎሮ! የሚለውን ጭምር። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ «የጋሽ ማሜን ስም ምስጋናው ውስጥ አስገቢ» ብለው አለፉ።

ሰኔ 11
የተስተካከለውን ወሰድኩላቸው። አገላብጠው አዩት።

«እኔስ የታለሁ?»
«እርስዎማ ሮቤ ነዎት፣ ክቡ ጋ።»
«ከሮቤ ወደ ሮቤ ስንት ይላል?»
«ዜሮ። ዜሮ ደግሞ አይሳልም።»
«ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ በር እዚያ በር ስመላለስ... ዜሮ?»

እየሳቁ ነው ያሉት። አንጀቴን በሉኝ። ቤት ገብቼ ዜሮዋን 1 አደረግኳት፤ ለሳቸው ብቻ። ሮቤ ጉትቻዋን መልሳ አጠለቀች።

ሰኔ 14
አትሜ የሰጠኋቸው ባለ ጉትቻው ሥዕል የመናኸሪያው ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ጋሽ ማሜ ለገባ ለወጣው ሁሉ ጉትቻዋን እያሳዩ «ይቺ እኔ ነኝ» ይላሉ አሉ። የዝውውር ማመልከቻውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር፣ በአዲስ አበባ መኪና ልልከው። ጠጋ ብዬ ባይ 1 በእስክሪብቶ ተሰርዞ 2 ተጽፏል።

«ጋሽ ማሜ! ማን ነካብኝ?»
«እኔ ነኝ። አንቺስ እዚሁ አይደል የምትመላለሽው?»

ዓይኔ ሞላ። ሻይ ጠጥተን ተመለስኩ፤ ማመልከቻውም አብሮኝ ተመለሰ። መሳቢያው ውስጥ ነው። ይቆይ።

ኮዱን ከፈትኩ። 1ን አጠፋሁ፣ 2 ጻፍኩ። አንዲት ስህተት እንኳ አላወጣም።