ክዳኑ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት

ለወንድሜ ለጋዲሳ፣ የጌታ ሰላም ባኮ ድረስ ይድረስህ። እኛ በእርሱ ቸርነት ደኅና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ስትደውል እማዬ ከአጠገቤ ስለማትለይ ነው።

ራቻ ያልከውን እንቁራሪትህን መጥተህ ውሰድልኝ! «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ብለህ ጥለህብኝ ከሄድክ አምስት ወር ሞላህ። የመስታወት ሣጥኑን የማጥበው እኔ፣ የቧንቧው ውኃ መድኃኒቱ እንዲወጣለት በባልዲ የማሳድረው እኔ፣ ሜዳ ለሜዳ ፌንጣ የማባርረው እኔ! ጎረቤት ምን ይለኛል?

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እማዬ «ሆዱ ተነፍቷል» ብላ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውኃ ገለበጠችበት። ጋዙ ሲፍለቀለቅበት ምስኪኑ መስታወቱን ሊሰብር ደረሰ። ሠላሳ ዓመት ነርስ የነበረች ሴት! ሆዱ የተነፋው እኮ እሷው በቀን አራት ጊዜ ጥሬ ሥጋ ስለምታጎርሰው ነው። ስነግራት «መቼ አበላሁት?» ብላ ትቆጣኛለች። ስለዚህ ክዳኑ ላይ «በልቷል» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ሠራልኝ። ከዚያ ምድጃው ላይ «ጠፍቷል»፣ የግቢው በር ላይ «ብቻሽን አትውጪ» ብዬ ለጠፍኩ።

አንተ ግን በየሳምንቱ እየደወልክ «ራቻ እንዴት ነው?» ትለኛለህ። ስለ ራቻ ብቻ! ምን ዓይነት ልጅ ነህ?

ትናንት ከሥራ ስገባ እማዬ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያነበበች ነበር። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ስሜ የተጻፈበት ወረቀት ፈለገችብኝ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ና። እግዚአብሔር መንገድህን ያሳጥርልህ።

እህትህ ዱረቲ፣ ከአምቦ