ከሸንተረሩ የተመለሰችው

ስታራ ፉዢና፣ ቦሂን
ሰኞ፣ ኦገስት 19 ቀን 2019

የምወድሽ ልጄ ኔቬንካ፣

ከሁሉ በፊት ልብሽ ይረፍ፤ ልጅሽ ደህና ናት። እጅና እግሯ በቦታው ነው፣ አፏም እንደ ወትሮው አያርፍም። ይህን ስጽፍልሽ እዚሁ ማድ ቤት ተቀምጣ፣ የተላጠ ተረከዟን ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ሦስተኛ ሳህን ሾርባዋን እየጠጣች ነው። ቅዳሜ ከትሪግላቭ ተራራ ጫፍ ደርሰን በዚያው ቀን ተመልሰናል። «ደርሰን» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ እኔም ወጥቻለሁ።

አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ደብዳቤ በብስክሌት ሳመላልስ ኖሬ፣ ለገዛ ልጄ ከልደት ካርድ የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። ወረቀት ይሻላል። ወረቀት ፊት የለውም፣ አያሳፍርም።

ታያ በጁላይ ከሲድኒ እንደመጣች፣ ሻንጣዋን ሳትፈታ ነው የጀመረችኝ።

«አያቴ፣ ትሪግላቭን ሳልወጣ አልመለስም። ‹እሱን ያልወጣ የእኛ ሰው አይባልም› ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ።»

አፌ ያመጣው ጣጣ! እሺ አልኩ፤ ምን ልበል? መንደሩ ሁሉ የሚያውቀኝ በሃያ ዓመቴ ከፖስታ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ጫፉ ላይ እንደወጣሁ አድርጎ ነው። አንቺም የምታውቂኝ እንደዚያ ነው።

የተራራው ማረፊያ ቤት አልጋ ለኦገስት የሚያዘው ገና በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ደውለን አንድም አጣን። የቀረን ምርጫ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ነበር። ስለዚህ ሎይዝን ጠራሁት፣ ያን ከወፍጮው አጠገብ ያለውን። ሰው ወደ ተራራ ሲመራ ኖሮ አሁን ሰባ ሁለት ሞልቶታል፤ ጉልበቱ ግን ዛሬም የፍየል ነው። የጨው ዕቃዬን ገፍቶ ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«ስሚ ታያ፣ ተራራው የትም አይሄድም። የሚሄደው ሰዓቱ ነው» አላት። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከፖክሊዩካ ጫካ እንነሳለን። መውጫው ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ መውረጃው አምስት። ረፋዱ ላይ ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን። ከሰዓት በኋላ መብረቁ ለማንም አያዳላም።»

«ጫፉ ክንድ ቢቀረንም?»

«ስንዝር ቢቀረንም!»

ታያ ይህን ሁሉ በትልቁ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። የራስ ቁር፣ ሁለት መንጠቆ ያለው የወገብ ማሰሪያ፣ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ፣ ቋሊማ፣ ጥቁር ዳቦ፣ የደረቀ ፖም። በየሁለት ቀኑ ጀርባችን ላይ ድንች ተሸክመን እስከ ቮጋር ሜዳ እንወጣ ጀመር።

«ድንቹን ተሸክመን ወጥተን ተሸክመን የምንወርደው ለምንድን ነው?» ትለኛለች።

«ላይ ገበያ ስለሌለ» እላታለሁ።

እኔ ግን ሌላ ዕቅድ ነበረኝ። እስከ ፕላኒካ ማረፊያ ቤት አብሬያቸው ወጥቼ፣ እዚያ «ጉልበቴ!» ብዬ ሻይ ይዤ ልቀመጥ ነበር። እንዲያውም ሰው እንዲያይልኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሬ ጉልበቴን በየደጁ ማሸት ጀምሬ ነበር። ስቀሽ ከሆነ ሳቂ፤ ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

ከዚያ አንቺ ደወልሽ። ታያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማንሽ። «ታያዬ፣ ከጫፉ በፊት ያለው ሸንተረር ላይ ብትፈሪ አይግረምሽ፣ ከእኔ የወረስሽው ነው። እኔም በአሥራ አንድ ዓመቴ እዚያ ላይ አልቅሼ እናቴን መልሻታለሁ» አልሻት።

አልቅሼ አልሽ። ልጄ፣ አንቺ ራስሽ አምነሽዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲነገርሽ ኖሮ አንቺም አመንሽው።

ታያ ስልኩን ዘጋችና የራስ ቁሯን አንስታ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ምናልባት ይቅርብን፣ አያቴ። በደማችን ካለ ሰው ማስቸገር ነው» አለች። ሎይዝ ጥግ ላይ ተቀምጦ ገመድ እየፈተሸ ነበር። እኔ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያች ደቂቃ ዝም ብል ኖሮ ፍርሃቴን ለሁለተኛ ትውልድ ማውረሴ ነበር። ሳህኑን አስቀመጥኩት።

«እናትሽ አላለቀሰችም» አልኳት። «ፈሪዋ እኔ ነበርኩ።»

ለእሷ የነገርኳትን ላንቺም ልንገርሽ፤ ከማንም በፊት ለአንቺ ሊነገር ይገባ የነበረ ነው። ያን ቀን ትንሹን ትሪግላቭ፣ ከዋናው በፊት ያለውን ጫፍ፣ አልፈን ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ፣ ግራውም ቀኙም ገደል መሆኑን ሳይ አንድ እርምጃ መራመድ አቃተኝ። በሃያ ዓመቴም ከዚያው ቦታ ነው የተመለስኩት፤ ወጥቻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። አንቺ የብረቱን ገመድ ይዘሽ ከፊት ሄደሽ ነበር። ዞር ስትዪ እኔ በአራት እግሬ ሆኜ ድንጋዩ ላይ የተተከለውን ብረት አቅፌዋለሁ። ተመልሰሽ መጣሽና «እማዬ፣ ወደ ታች አትዪ። የእኔን ጫማ ብቻ እያየሽ ነይ» አልሽኝ። ጫማሽ ቀይ ማሰሪያ ነበረው። ከኋላችን ሰዎች ደረሱና «ምን ሆናችሁ?» ሲሉ፣ «ልጅቷ ፈርታብኝ ነው» አልኳቸው። አየሽኝ። ምንም አልተናገርሽም።

ፕላኒካ ስንደርስም ሁሉም ሰው ስሙንና መንገዱን በሚጽፍበት መዝገብ ላይ «በልጅ ምክንያት ከሸንተረሩ ተመለስን» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ ቆመሽ አነበብሽው። ያለቀስሽው ቤት ከገባን በኋላ ነው፣ ልጄ። ያለቀስሽው ፈርተሽ አልነበረም።

ከዚያማ ታውቂዋለሽ። መንደሩ «ተመላሿ» ብሎ ጠራሽ። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየግብዣው «የኛ ኔቬንካ ምድጃው መጥፋቱን ልታረጋግጥ ከሸንተረሩ ተመለሰች» እያለ ሰውን ያስቅ ነበር፤ እሱም እውነቱን ሳያውቅ ሞተ። ለሠርግሽ ጎረቤቶች ገመድ በሪባን አስረው ሲሰጡሽ በጥርስሽ ሳቅሽ። በሁለት ወርሽ ሲድኒ ገባሽ፤ ገመዱን በሩ ጀርባ ትተሽው ሄድሽ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ፖስተኛዋ ሽቴፍካ ፈራች ተብሎ ለአንድ ሳምንት ይሳቅብኝ ነበር፣ ያበቃ ነበር። የአንድ ሳምንት ሳቅ ሸሽቼ የሠላሳ ሦስት ዓመቱን ላንቺ አሸከምኩሽ። ይቅር በይኝ።

ይህን ለታያ ተናግሬ ስጨርስ፣ ሎይዝ ከገመዱ ቀና እንኳ ሳይል «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ያን ቀን እንግዶች ይዤ ከጫፉ እየወረድኩ ነበር። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማለች። አንቺ ብረቱን እንደ ባልሽ አቅፈሽዋል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አልክ?»

«ደብዳቤዬን በምታመጣ ሴት ላይ አፌን ልክፈት?» አለና ገመዱን አስቀመጠው። «አንቺ ትናገሪዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ቆየሽ እንጂ።»

በእሱም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። ታያ ግን ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ጠላችኝ፣ ሻንጣዋን ልታወጣ ነው ብዬ ነበር። የራስ ቁሩን አውጥታ እኔ ራስ ላይ ደፋችው። ከዚያ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ወረቀት ገንጥላ ሌላ ጻፈች። የመጀመሪያው መስመር «አያቴን ማውጣት» ይላል። አሁንም እንደተለጠፈ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እስከ ፕላኒካ ድረስ እንዲያውም ከፊት ከፊት እያልኩ ጉራዬን ነዛሁ። ሸንተረሩ ላይ ስንደርስ ጉራው አለቀ። ታያ ከፊት፣ ሎይዝ ከኋላ። አንዱ መንጠቆ ሳይያዝ ሌላው አይፈታም፤ ሕጉ ይኸው ነው፤ በየብረቱ አንድ ጸሎትና አንድ እርግማን አልኩ። መሃል ላይ ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ሎይዝ ሰዓቱን አየ።

«ሽቴፍካ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ አለን። መመለስ እንደሆነ ነውር የለውም። ነውሩ በሌላ ማሳበቡ ነው። ዛሬ ደግሞ በማን ልታሳብቢ ነው? በኔ እንዳይሆን!»

ገደል አፋፍ ላይ ሆኜ ሳቄ መጣ። ታያ ዞር ብላ «አያቴ፣ እማዬ ምን ብላሽ ነበር?» አለችኝ።

«ጫማዬን እዪ።»

«በቃ፣ የኔን እዪ።»

የእሷ ማሰሪያ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ቀዩ አያምርም። ግን እሱን እያየሁ ሄድኩ። ሌላ ምንም አላየሁም፣ ገደሉንም፣ ሰማዩንም። ጫማዎቹ ሲቆሙ ቀና ብል ጫፉ ላይ የተተከለችው ትንሿ የብረት ግንብ አጠገቤ ቆማለች። ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር። ኔቬንካ፣ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ያኔ አንቺ አለቀስሽ ያልኩትን ልቅሶ እኔ አለቀስኩት።

የሠርግሽን ገመድ ይዤው ወጥቼ ነበር። ሎይዝ በወጉ መሠረት ታያን አስጎንብሶ ሦስት ጊዜ በገመዱ ቂጧን ሾጥ ሾጥ አደረጋት፣ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ እኔ አጎነበስኩ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ከነልጆቹ እዚያ ነበር።

«ምነው ሽቴፍካ! ይሄ እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ነው። አንቺ በሃያ ዓመትሽ…»

«ዋሽቼ ነው» አልኩ፣ እንዳጎነበስኩ። «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ኔቬንካንም ያኔ የመለስኳት እኔ ነኝ።»

ሎይዝ ገመዱን አነሳ። «አንዱ ለውሸቱ» አለ፣ ሾጥ። «አንዱ ለቆይታው» አለ፣ ሾጥ።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው እንኳን ደስ አለሽ ነው።» እሱ ነው የባሰ ያመመኝ። እስከ አሁን ትራስ ላይ ነው የምቀመጠው።

ዳቦ ቤት የገባ ወሬ ከፖስታ ይፈጥናል፤ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሁለት ሰዎች አንቺን ይቅርታ ጠይቂልን ብለውኛል። ለራሳቸው ይጻፉ አልኳቸው።

ስንወርድ ፕላኒካ ጎራ ብለን መዝገቡን ጠየቅኩ። አዲስ መዝገብ ነው፣ የድሮው ገጽ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩበት፦ «ከልጅ ልጄ ከታያ ጋር ጫፉን አይተናል። በ1986 ከሸንተረሩ የተመለስነው በእናት ምክንያት ነው። ልጄ ኔቬንካ አልፈራችም።» ታያ ከሥሩ ፈረመች፣ ሎይዝም ምስክር ብሎ ፈረመ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ለመጪው ጁላይ ፕላኒካ ላይ ሦስት አልጋ አስይዣለሁ። በሦስተኛው ላይ ያንቺን ስም አስጽፌያለሁ። እስከ ጁን መሰረዝ ይቻላል ብለውኛል፤ እኔ ምንም አልልሽም።

በዚህ ፖስታ ውስጥ ከጣራው ሥር ካለው ሳጥን ያገኘሁትን ቀይ የጫማ ማሰሪያ አስገብቼልሻለሁ። ጫማው አይሆንሽም፤ ማሰሪያውን ግን አጥቤዋለሁ፣ ለማንኛውም ጫማ ይሆናል። ከመጣሽ እንደ ያኔው ከፊት ሂጂ። እኔ እሱን እያየሁ ከኋላሽ እመጣለሁ።

እግዚአብሔር እግርሽን ከድንጋይ፣ ልብሽን ከእንደኔ ያለ ሰው ቃል ይጠብቅልሽ። ቤትሽ ይሙቅ፣ እንቅልፍሽ ይጣፍጥ። ታያ ሾርባ የነካ ጉንጯን አንሥታ ስማሻለች።

ተመላሿ እናትሽ፣
ሽቴፍካ