እኩለ ቀን ያለፈባት ሻንጣ

ይድረስ ለእህቴ ለፎርቱናታ፣ ቦነስ አይረስ፤

እንዴት ነሽ እህትዓለም? እኛ ላ ፓዝ ያለነው ከአንቺና ከነዳጅ በስተቀር ምንም አልጎደለብንም። ከባርኔጣ ቤታችን ጎን የነበሩት ጫማ ቤትና ዳቦ ቤት ስለተዘጉ መንገዱ በሙሉ የእኛ ሆኗል። አዲስ ባርኔጣ የሚገዛ ቢጠፋም አሮጌ እየጠገንን አለን። ባሌ ሳቱርኒኖ፣ «ራስ እስካለ ባርኔጣ አይጠፋም» እያለ ያስቀኛል።

ትናንት የአላሲታ ገበያ ነበር። እናታችን፣ «ልክ በእኩለ ቀን የተባረከች ሚጢጢ ዕቃ፣ ዓመት ሳይሞላ ትልቋን ታመጣለች» ትል የለ? እኔ አውራ ጣት የምታክል ባርኔጣ ቤት ገዛሁ። የሳቱርኒኖን ኮት ስቦርሽ ደግሞ ከኪሱ ሚጢጢ የመንገድ ሻንጣ ወደቀች። ምንም ሳልጠይቀው መልሼ ከተትኳት።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ ኮቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል፣ «የሱቁ በር ሊወድቅ ነው፤ ና ደግፍልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባራኪው ሊያመልጠኝ ነው እኮ!»

«ቆይ፣ ምን ያስቸኩልሃል?»

የካቴድራሉ ደወል ጮሆ እስኪያበቃ በሩን አስደገፍኩት። የእኔም ሚጢጢ ባርኔጣ ቤት ሳትባረክ ቀረች። ግድ የለም፣ ለከርሞ አብረን ሄደን እናስባርካታለን።

ልጆቹን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ። ስለ በሩ ደግሞ አታስቢ፤ ድሮም ደህና ነበር።

እህትሽ ፕሪሚቲቫ