በአሸዋ ያጠብኳት ሙቀጫ

ጥቅምት 4
ዛሬም መርሳ ላይ ሚኒባስ ጠፍቶ ወልድያ ረፍዶብኝ ገባሁ። የቤተ ሙከራውን ወለል ጠርጌ ሳልጨርስ ኤርሚያስ ጠራኝ፣ ተመራማሪው። "እትዬ እልፍነሽ፣ ይቺን አፈር ይፈጩልኛል? ወሬ እያወሩም ቢሆን ይፈጫሉ እኮ!" እኔ! ከመጥረጊያ ሌላ አስነክቶኝ የሚያውቅ ማን አለ?
አፈሩ የለይላ ነው፣ የውርጌሳዋ ጓደኛዬ። ነጭ ሸክላ። ንጹሕ ከሆነ የሴራሚክ ፋብሪካ ይወስደዋል። እሷና ስድስት ባልቴቶች የቁፋሮ ሥራ ያገኛሉ።

ጥቅምት 6
ፈጨሁ! ከበርበሬ ይቀላል። መጀመሪያ የድንጋይ ሙቀጫዋን በመርሳ ወንዝ ደቃቅ አሸዋ ፈትጌ አብለጨለጭኳት፣ እናቴ እንዳስተማረችኝ። "መስታወት አደረጓት!" አለ ኤርሚያስ።
ዱቄቱ አዲስ አበባ ይሄዳል። ኤክስሬይ ሲለቁበት ጨረሩ ይበተንና ወረቀት ላይ ተራራ ተራራ ይሠራል። እያንዳንዱ ማዕድን ተራራው የሚቆምበት የራሱ ቦታ አለው አሉ... ደስ ሲል!

ኅዳር 11
ወረቀቱ መጣ። አንድ ረጅም ተራራ ሌላውን ሁሉ ውጦታል። "ኳርትዝ። አሸዋ ማለት ነው" አለ ኤርሚያስ። "ሴትዮዋ ቀላቅለው ነው የሰጡን።" ፋብሪካው አልፈልግም ብሏል።

ኅዳር 12
ለይላን መርሳ ገበያ አገኘኋት። ሰው ፊት ጮህኩባት።
"አሸዋ ትቀላቅያለሽ?"
"ወላሂ አልቀላቀልኩም፣ እልፌ!"
"ኤክስሬይ አይዋሽም!"
ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ሄደች።

ኅዳር 15
ሙቀጫዋን እየፈተግኩ እጄ ቆመ። ምንድነው የያዝኩት? አሸዋ... የለይላን አፈር ከመፍጨቴ በፊትም በዚሁ ነበር የፈተግኳት።

ኅዳር 16
ለኤርሚያስ ነገርኩት። "ሲያጥቡ አይቼ አድንቄዎታለሁ እኮ... ሪፖርቱ ወጥቷል እትዬ፣ ማን ይጠይቀናል?"
"ለይላ ናታ!" አልኩት። ጥፋቴን ጽፌ ፈረምኩ። አዲስ አፈር ይላካል። የሚፈጨው ግን ሌላ ሰው ነው። እኔ ወደ መጥረጊያዬ።

ጥር 23
የአዲሱ አፈር ወረቀት መጣ። ያ ተራራ የለም! ንጹሕ! ዘለልኩ... ምን ያደርጋል፣ ፋብሪካው ከሌላ አገር አፈር ሊወስድ ተዋውሏል።
ወረቀቱን ይዤ ውርጌሳ ወረድኩ። ለይላ ገልብጣ አየችው፣ ማንበብ አትችልም።
"ንጹሕ ነው ነው የሚለው?"
"ንጹሕ ነው።"
"ገበያ ለነበሩትስ ማን ይንገራቸው?"

ጥር 27
ትናንት ገበያ መሀል ቆምኩ። ነጋዴው ናስር ሳቀ፦ "እልፌ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትሸጪ ነው?" "ውሸቴን" አልኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እንደዚያ ቀን ጮክ ብዬ። ወሬኛነቴ ለአንድ ቀን ጠቀመ። ለይላ ቆማ ሰማች። ከዚያ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች። ሰላም አላለችኝም።
ዛሬ ሙቀጫዋን በውሃ ብቻ አጠብኳት። የጸዳች አልመስልሽ አለችኝ።